አምባ የሚጸናው በገደሉ አይደለም

ጃፓኖች ተራራ ወጥተው የጥንት ምሽጎቻቸውን ፍርስራሽ መጎብኘት ይወዳሉ። ታኬዳ የሚባለው ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1600 ከተተወ ወዲህ የቀረው የድንጋይ ካቡ ብቻ ነው። ሆኖም በደመና ተከቦ ለማየት ብዙ ሰው ገና ሳይነጋ ይጓዛል።

እኛም መቅደላ አለን። ዙሪያው ገደል ነው። ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተያዘ። የእንግሊዝ ጦር ከባሕር እስከ አምባው ድረስ ሲጓዝ መንገድ የዘጋበት አልነበረም፤ መኳንንቱም ባላገሩም ቀድመው ከዐፄ ቴዎድሮስ ርቀው ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ።

ወደ አዊ እንመለስ። ጣልያን ዳንግላና እንጅባራ ላይ መሽጎ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ሁለቱንም ለቆ ወጣ። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ የመሯቸው አርበኞች አገሩን ይዘውበታል፤ በበላያ በኩል ደግሞ የዊንጌት ጦር መጣበት።

መቅደላን ገደሉ አላዳነውም፤ ጣልያንንም ምሽጉ አላቆመውም። ሕዝብ የሌለበት ምሽግ ካብ ብቻ ነው።

ታሪኩም እንዲሁ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ካጣ ይፈርሳል። ምሽጉ የት እንደነበር፣ ማን እንደከበበው ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች በየቀበሌው አሉ። ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ እንጻፈው።