የጎረቤታችን ፒያኖ በለንደን ዞሮ ሲመጣ

ዛሬ ስለ ሬዲዮ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰባችን በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ሲመጣ እኔ በእናቴ ጀርባ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል የተጓጓዘበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ለአዲስ ገቢዎች ተብሎ ሬካ የሚባለው ሬዲዮ ተቋቋመ። ቂርያት ሃዮቨል ቤታችን ውስጥ አማርኛ ይናገር የነበረ ዕቃ ቢኖር ያ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ዘፈን ሲጀምር እናቴ «ዝም በሉ!» ትለናለች። ግን ሰዓቱ አጭር ነው፤ ሩሲያኛውም ሌላውም ቋንቋ ተራ ይጠብቃል። ሬካ ከ2017 ጀምሮ በካን ሥር ሆኖ ቀጥሏል።

የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ሲገጥመው ያበቃል። ኢንተርኔት ግን ይህን አጥር አፈረሰው። በ2007 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን ሸገር 102.1ን እኛ ኢየሩሳሌም ሆነን ሰምተነዋል።

እኔ ከሠራዊት ከወጣሁ በኋላ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሬ ገመድ ስዘረጋ ነው የምውለው፤ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው። በ2017 የለንደኑን ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ስሰማ ኬት ሞለሰን የምትባል ጋዜጠኛ ስለ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት ታወራለች። እንግሊዝኛዬ እምብዛም ነው፤ «ኢትዮጵያ» እና «ኢየሩሳሌም» የሚሉት ግን አያመልጡም። ፒያኖው ሲገባ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ቆምኩ። ቅኝቱ የእኛ፣ መሣሪያው የፈረንጅ!

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። በ1937 ፋሺስት ጣሊያን ከነቤተሰባቸው ወደ አሲናራ ደሴት አጋዛቸው። ኋላም ግሸን ማርያም ገብተው አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች ነበር። በ2006 ፈረንሳዮች በኢትዮፒክስ 21ኛ ቁጥር አወጡት። ከ1984 ጀምሮ የኖሩት እዚሁ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ነው፤ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ አስቡት! ከእኛ ሰፈር በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው። ሙዚቃው ግን በጀርመን፣ በፓሪስና በለንደን ዞሮ መጣ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እኛ ቤተ እስራኤል የቤተ ክርስቲያን ደጅ የመርገጥ ልማድ የለንም፤ ጎንደር ላይ የሆነውን ሽማግሌዎቻችን አልረሱትም። በዚያ ግንብ ላይ ማንም ተነሥቶ ይዝለል አልልም። ድምፅ ግን ግንብ አያግደውም።

ዛሬ ስልካችን የሚመርጥልን ዘፈን ትናንት የሰማነውን የሚመስለውን ነው። ዩቲዩብ እማሆይን ለብዙ ሰው ማድረሱ አይካድም፤ እኔ ግን መነኩሲት ፒያኖ ስትመታ ሰምቼ ስለማላውቅ ምን ብዬ እፈልጋለሁ? ሬዲዮ ላይ ሰው አለ። ያልጠየቅኸውን ያመጣልሃል፣ ማን እንደሆነም ይነግርሃል።

ማታውኑ ለእናቴ አሰማኋት። መነኩሲት መሆናቸውን ስነግራት ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።

«የማን ልጅ ናቸው?» አለችኝ።

«የከንቲባ ገብሩ ደስታ። ጎንደርን ያስተዳደሩት።»

ጥቂት ዝም አለች። «ታዲያ የአገራችን ሰው ናቸዋ! እስኪ ድምፁን ከፍ አድርገው።»