በእንግሊዝ አገር የቦይ ጀልባ ነዋሪዎችና ዘፈናቸው

ስለ እንግሊዝ ባሕረኞች ዘፈን የተጻፈው ብዙ ነው። መርከበኞቹ ሸራ ሲስቡና መልሕቅ ሲያነሡ ያዜሙት የነበረው የሥራ ዘፈን ተሰብስቦና ታትሞ ይገኛል። በዚያው አገር በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ ላይ ተወልደው፥ አግብተውና ልጅ አሳድገው የኖሩት የጀልባ ሰዎች ስለ ዘፈኑት ግን በእጅ ያለው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ማነስ ሁለት ምክንያት ሊሰጥ ይቻላል፤ አንደኛው ሰዎቹ የራሳቸው ዘፈን አልነበራቸውም የሚል፥ ሁለተኛው ዘፈናቸውን የሚሰማ ሰብሳቢ አልደረሰላቸውም የሚል ነው። ሁለቱን ለመመዘን አስቀድሞ ኑሯቸውን መመልከት ያስፈልጋል።

የብሪጅዎተር መስፍን በጄምስ ብሪንድሊ መሐንዲስነት ከወርስሊ የማዕድን ጉድጓድ እስከ ማንችስተር ያስቆፈረው ቦይ በ1761 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲከፈት፥ በከተማይቱ የድንጋይ ከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ብሪንድሊ ከዚያ በኋላ በሠራቸው ቦዮች ላይ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የውሃ በር ጠባብ አድርጎ ስለ ወሰነው፥ ጀልባውም 21 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት ያለው ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን ምድር ባቡር ጭነቱን ሲሻማ የጀልባው ባለቤት የቤት ኪራይም የሠራተኛ ደመወዝም መክፈል አቃተው፤ ስለዚህ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ጀልባው አመጣ። ከዚያ ወዲያ ሚስት መሪውን ትይዛለች፥ ልጅ ፈረሱን ይስባል፤ ማታም ሁሉም 3 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት የኋላ ጓዳ ውስጥ ያድራሉ። አልጋው ቀን ቀን ታጥፎ በቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ በሩና ሣጥኑ ጽጌረዳና ግንብ ተሥሎበታል።

ጆርጅ ስሚዝ የተባለው የኮልቪል ሰው በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ቤተ ሰቦች በርኩሰትና በድንቁርና ከሰሳቸው። በድካሙም የ1877 እና የ1884 ሕጎች ወጡ፤ ጀልባው እንደ መኖሪያ ቤት እንዲመዘገብና በጓዳው ስፋት ልክ የሚያድረው ሰው ቍጥር እንዲወሰን ሆነ። የስሚዝ አሳብ የቀና ቢሆንም ክሱ ሁሉንም በአንድ ሚዛን የሰፈረ ነበረ፤ ናሱን በየቀኑ የምትወለውለውንና ጓዳዋን በዳንቴል ያስጌጠችውን ሴት ከሰነፊቱ አልለየም። ከዚህም የተነሣ የቦዩ ሰው የየብሱን ሰው በጥርጣሬ ማየት ለመደ። ልጆቹ በአንድ ቦታ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ስለማይቈዩ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ አደጉ።

የእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈን ማኅበር በ1898 ተቋቋመ፤ ሴሲል ሻርፕም በ1903 በሃምብሪጅ መንደር አንድ አትክልተኛ ሣር እያጨደ ሲያዜም ሰምቶ የስብሰባውን ሥራ ጀመረ። ሰብሳቢዎቹ ይፈልጉት የነበረው በአንድ መንደር የረጋውን ሽማግሌ ባላገር ነው። የጀልባው ሰው ግን ማታ ከቦይ ዳር መጠጥ ቤት አጠገብ ያስራል፥ ሳይነጋም ይሄዳል። ሰብሳቢው ቢያገኘውም ኖሮ ደብተሩን መዝጋቱ አይቀርም ነበር፤ በመጠጥ ቤቱ የሚዘፈነው ከከተማ ቴያትር ቤት የመጣ አዲስ ዘፈን ጭምር ነበርና፤ ሰብሳቢው ደግሞ የሚሻው የጥንቱን ብቻ ነው። መሣሪያውም ሜሎዲዮን ነበረ። ይህ በወናፍ የሚሠራ፥ አንዱ ቍልፍ ሲገፋና ሲሳብ ሁለት ልዩ ልዩ ድምፅ የሚሰጥ፥ ከጓዳዋ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፥ ነገር ግን ብቻውን የእግር ጭፈራን ለመምራት የሚበቃ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያመዝናል። ሆኖም የፊተኛውም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። የባሕረኛ የሥራ ዘፈን የተወለደው ብዙ እጅ አንድ ገመድ በአንድ ጊዜ መሳብ ስለሚገባው ነው። በቦይ ላይ ግን አንዱ ከፈረሱ ጋር በዳር ይሄዳል፥ ሌላው ከብዙ ሜትር ርቀት መሪ ይይዛል፤ በአንድነት የሚስቡት ነገር የለም። በ20ኛው መቶ ዘመን ሞተር ሲገባማ ጩኸቱ ንግግርንም አላስችል አለ። እንግዲህ የቦዩ ሰው ሙዚቃ የሥራ ሳይሆን የዕረፍት ሙዚቃ ነው።

ቦዮቹ በ1948 የመንግሥት ሆኑ። በ1962–63 ክረምት ውሃው ለብዙ ሳምንት በረዶ ሆኖ ጀልባዎቹ ቆሙ፤ በ1963ም የመንግሥቱ ድርጅት የጠባብ ጀልባዎቹን የጭነት ሥራ አብዛኛውን ተወ። ከመካከለኛው አገር እስከ ሳውዝሆል ማርማላታ ፋብሪካ ከሰል የሚያደርሰው ጉዞ በ1970 ሲቀር የረጅም መንገዱ ጭነት አበቃ። ነገር ግን ጀልባዎቹ ባዶ አልቀሩም። ሮልት የተባለው ደራሲ በ1939 ከሚስቱ ጋር በጀልባ መኖር ጀምሮ በ1944 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን ወደ ቦዩ ስቧል። በ1972 የተመሠረተው ሚክሮን የተባለ የቴያትር ጓድም በጀልባ እየዞረ በየመጠጥ ቤቱ ተጫውቷል። ዛሬ በቦዩ ዳር ከሚሰማው የጀልባ ዘፈን ብዙው የጭነቱ ኑሮ ሲያልቅ ወይም ካለቀ በኋላ፥ በጀልባ ላይ ባልተወለዱ ሰዎች የተደረሰ ነው።

እነዚህን የጀልባ ሰዎች ዘፈን ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው፤ ስለ ጀልባ ሰዎች የተዘፈኑ ናቸው። ከግጥሙ ይልቅ ከጥንቱ ጋር የሚያገናኘው አሠራሩ ነው። በ1995 የወጣው ሕግ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቈይ ያዛል፤ ስለዚህ በጀልባው የሚኖር ሙዚቀኛ ሁለት ቅዳሜ በአንድ መጠጥ ቤት ተጫውቶ፥ ሦስተኛውን ቅዳሜ ከማያውቁት ሰዎች መካከል ይጀምራል።