ንድፍና ገላ፦ ከ«ፋቡላ» እስከ አኒሜ

የልብስ ንድፍ ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አይገኝለትም። ትከሻው እኩል ነው፣ ወገቡ ልክ ነው፣ እጅጌው አይጨማደድም። ጣጣው የሚጀምረው ሰው ሲለብሰው ነው። የሰው ትከሻ ይወርዳል፣ ሆድ ይገፋል፣ ክንድ ይታጠፋል። እንደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ቦታ ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ንድፍ ሌላ፣ ገላ ሌላ።

የጃፓንን የሥዕል ፊልም ማለትም አኒሜን በሰው ተዋናይ ወደሚሠራ ፊልም መለወጥም ፈተናው ይኸው ነው። ብዙዎች ጉዳዩን የቶኪዮና የሆሊውድ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን በወረቀት የኖረን ፍጡር የሰው ገላ ማልበስ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። እንዲያውም የአገሪቱ ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በዚሁ ፈተና ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኮንን ቤት ያደጉ፣ ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማም በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ግን በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩ። መነሻቸው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን የእንስሳት ተረት ነበር።

ተረት በወረቀት ላይ እስካለ ድረስ አንበሳ አንበሳ ነው፤ ቀበሮም ቀበሮ። አንባቢው እየሳቀ ያነባል፣ ትምህርቱንም ጎረቤቱ ላይ ያሳልፋል። መድረክ ላይ ግን አውሬው የሰው ፊትና የሰው ድምፅ አለው፤ የሚናገረውም አማርኛ ነው። ተመልካቹ ያኔ «ይህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአዳራሹ ሰዎችም የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር በአውሬዎቹ ውስጥ አዩት። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። ቴአትር መልሶ ነፍስ የዘራው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1923 ዓ.ም. ንግሥ በኋላ ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ገላ ዝም ብሎ የሚለበስ ነገር አይደለም፤ ትርጉም ይለውጣል። ወረቀት የሸፈነውን ሥጋ ይገልጠዋል። አንዳንዴ ያሳስራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያስቃል።

ሁለተኛው የአገር ቤት ምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ከአንባቢው እጅግ ለሚበዛ ሕዝብ የደረሰው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነበር። ለምን ያን ያህል ሰመረ? አንዱ ምክንያት ሬዲዮ ፊት ስለሌለው ነው። ወጋየሁ ድምፁን አዋሰ እንጂ የሰብለ ወንጌልን መልክ ከማንም አልቀማም። እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን በዛብህ፣ የራሱን ጉዱ ካሳ ይዞ ቀረ። ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም የሚያመጣ ሰው ግን በሚሊዮን ልብ ውስጥ ካለ ሚሊዮን መልክ ጋር ይጋጠማል። አንዲት ተዋናይት መርጦ «ሰብለ ይህች ናት» ማለት አለበት።

የአኒሜ ጭንቀት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የአኒሜ ተመልካች መልኩን በምናቡ አልሳለውም፤ በዓይኑ አይቶታል። የፊት ግማሽ የሚያህል ዓይን፣ የስበትን ሕግ የማያውቅ ፀጉር፣ በአንድ ዝላይ ተራራ የሚሻገር እግር አይቷል። በሥዕል ያማረው ይህ ሁሉ በሰው ላይ ሲደረግ የበዓል ጭምብል ሊመስል ይችላል።

ከዚያ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል። «ድራጎን ቦል» በ42 ቅጽ የተጻፈ የሥዕል ታሪክ ነው። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ2009 «ድራጎንቦል ኢቮሉሽን» ብሎ ሲሠራው 85 ደቂቃ ገደማ ሰጠው። ደራሲው አኪራ ቶሪያማ ስክሪፕቱ የታሪኩን ዓለም እንዳልተረዳ ተናግሮ ማስተካከያ ሐሳብ ቢያቀርብም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 የፊልሙ ጸሐፊ ራሱ ተመልካቹን ይቅርታ ጠየቀ። በ2017 የወጣው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» ደግሞ በሌላ በኩል ወደቀ። የጃፓን ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ለስካርሌት ጆሃንሰን መሰጠቱ ከፊልሙ ይልቅ መነጋገሪያ ሆነ። «ካውቦይ ቢባፕ» በኅዳር 2021 በኔትፍሊክስ ታይቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው መቋረጡ ተነገረ። የአኒሜው ዳይሬክተር ሺኒቺሮ ዋታናቤ የመጀመሪያውን ትዕይንት አይቶ መቀጠል እንዳቃተው ኋላ ላይ ተናግሯል።

የተሳካላቸውም አሉ። በ2012 የጀመረው የጃፓኑ «ሩሮኒ ኬንሺን» የሥዕሉን ፍልሚያ መስመር በመስመር ከመቅዳት ይልቅ ሰው በሥጋው ሊሠራው ወደሚችለው የሰይፍ ውጊያ ለወጠው፤ አምስት ፊልም ድረስም ዘለቀ። ነሐሴ 2023 የወጣው «ዋን ፒስ» ደግሞ ለአፍሪካ ቅርብ ነው፤ የተቀረጸው ኬፕታውን ውስጥ ነው። ደራሲው ኢቺሮ ኦዳ እሱ ሳይረካ ሥራው ለዕይታ እንደማይቀርብ ከኔትፍሊክስ ጋር ተስማምቶ ነበር። የቶሪያማና የኦዳ ልዩነት የችሎታ አይደለም። አንደኛው መክሮ ዝም ተባለ፤ ሁለተኛው «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ነበረው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል። በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ያለው የልብስ ሥራ በአብዛኛው በሌላ ሰው ንድፍ፣ ለሌላ ሰው ስም የሚሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ስትዘጋ ብዙ ሠራተኛ የእንጀራውን ገመድ የያዘው ማን እንደሆነ አየ። ድሬዳዋ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና ስትሆን መንገዱ ሰፋ፤ የንድፉ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አብሮ አልተፈታም።

በታሪክም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል አወጣ። ሌሎች ወጣት ሠዓሊዎችም እየተነሱ ነው። ነገ አንድ የውጭ ኩባንያ መጥቶ «ይህን ፊልም እናድርገው» ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን ሠዓሊው እንደ ኦዳ ይቀመጣል ወይስ እንደ ቶሪያማ?

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲዛባ የመቃወም መብትም ያክልለታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ውሉ ሲፈረም ነው። የቸገረው ሠዓሊ መብቱን ሁሉ በአንድ ገጽ ጠቅልሎ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ጩኸት የቶሪያማ ጩኸት ነው።

«ሥጋ ሲለብስ ያምራል ወይ?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ቀዳሚው «ሲያለብሱት መቀሱን የያዘው ማን ነው?» የሚለው ነው። ተክለ ሐዋርያት አውሬዎቹን መድረክ ላይ ያወጡት በራሳቸው ብዕር ነበር። ተውኔታቸው ታገደ እንጂ አልተዛባም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ስማቸው የሚጠራው ለዚህ ነው። ዛሬ ሥዕሉን ይዞ ለውል የሚቀመጥ ወጣት ከገንዘቡ መጠን አስቀድሞ «ስክሪፕቱን ሳላጸድቅ አይቀረጽም» የምትለዋ አንቀጽ መኖሯን ይይ።