ምጽዋትና ምስክርነት፤ ከዴንቨር ታሪክ ለኛ የሚተርፍ ጥያቄ

በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን ስለ ሃይማኖትና ስለ ድኽነት በተነጋገርን ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን ቤተ ክርስቲያን የባለርስትና የባለሥልጣን ደጋፊ ነበረች ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ነዳያንን ያበላች፣ ድኻ አደጉን ያሳደገች፣ የተገፋውን በደጀ ሰላሟ ያስጠለለች እርሷ ናት ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን የተራበን ማጉረስ አንድ ነገር፣ ያስራበውን ምክንያት በስሙ ጠርቶ መመስከር ሌላ ነገር መሆኑን ይዘሉታል። ብዙ ወገኖቻችን የሰፈሩባቸው የዴንቨርና የአውሮራ ከተሞች ታሪክ ይህን ልዩነት አጉልቶ ስለሚያሳይ ከዚያ እንጀምራለን። (ልዩ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴንቨርን የቆረቆሯት በ1858 ወርቅ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጆን ቺቪንግተን የተባለ የሜቶዲስት ካህን የአካባቢው ሰባክያን አለቃ ሆኖ መጣ። ባርነትን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር፤ የርስ በርሱ ጦርነት ሲነሣም የሠራዊት ቄስነት ቢቀርብለት ተዋጊ መኮንንነትን መረጠ። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ይኸው ካህን 675 ያህል ወታደሮች አስከትሎ በሳንድ ክሪክ ወንዝ ዳር በሰፈሩት የሻያንና የአራፓሆ ነገዶች ላይ በማለዳ ወረደባቸው። ሰፋሪዎቹ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ያሉ መስሏቸው ነበር፤ አለቃቸው ብላክ ኬትል በድንኳኑ ላይ የአሜሪካንን ባንዲራ ከነጭ ጨርቅ ጋር ሰቅሏል። ከ230 የማያንሱ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ወታደሮቹ ከሬሳው የቆረጡትን ይዘው ዴንቨር ሲገቡ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው።

ይህ የጦርነት ታሪክ እንጂ የድኽነት ታሪክ አይደለም የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ሥሩ መሬት ነው። በ1851 ውል ለነገዶቹ የታወቀላቸው ሰፊ አገር፣ ወርቅ ከተገኘ በኋላ በ1861 በተደረገ ሌላ ውል ተሸራርፎ ወደ ጠባብና ጭው ያለ መሬት ተለወጠ። አደን አልቆባቸው የተራቡትን ሰዎች ነው ጦሩ ያገኛቸው። አውሮራ በከፊል የምትገኝበት አውራጃ ዛሬም የሚጠራው በአራፓሆ ስም ነው።

በዚያ ማለዳ ግን ትእዛዙን ያልተቀበለ መኮንን ነበር። ሻምበል ሳይለስ ሶል የራሱ ጭፍራ እንዳይተኩስ ከለከለ፤ ቀጥሎም ያየውን ሳይሸሽግ በደብዳቤ ጻፈ፤ በ1865 መጀመሪያ ላይ ዴንቨር በተቀመጠው መርማሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ኤፕሪል 23 ቀን፣ ጋብቻ በፈጸመ በወሩ ገደማ፣ በከተማዋ መንገድ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ለሞቱ የተቀጣ ሰው የለም። ቺቪንግተንም የምክር ቤቱ መርማሪዎች አጥብቀው ቢያወግዙትም ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ስለነበር ፍርድ ቤት ሳይቆም ቀረ። ለጸሐፊው እንደሚመስለው የካህኑ ጉድለት የእምነት ማነስ አልነበረም፤ አንዱን በደል አጥርቶ እያየ ሌላውን ጨርሶ አለማየቱ ነው። ይህ ጠባይ ላገራችን ፖለቲከኞችም እንግዳ አይደለም።

ቺቪንግተን በዴንቨር ከተማ የሞተው በ1894 ነው። በዚያው ዓመት ማይረን ሪድ የተባለ የኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ከመንበሩ ወረደ። ሪድ በ1887 ፍራንሲስ ጃኮብስ ከተባለች አይሁዳዊት ሴት፣ ከአንድ የካቶሊክ ካህንና ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለቃ ጋር ሆኖ የከተማዋን የርዳታ ማኅበር ያቋቋመ ሰው ነው፤ ዛሬ ዩናይትድ ዌይ በመባል የሚታወቀው ድርጅት መነሻውን ከዚያ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ዘመቻ 21,700 ዶላር ተሰበሰበ፤ ባለጠጎቹም ሰባኪያቸውን አመሰገኑት። በ1893 የብር ዋጋ ወድቆ ባንኮች ሲዘጉና ሥራ ፈቱ ከተማዋን ሲሞላት ግን ነገሩ ተለወጠ። በተከታዩ ዓመት የክሪፕል ክሪክ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች በቀን 3 ዶላር እየተከፈላቸው ከ8 ሰዓት በላይ ላለመሥራት አድማ ሲመቱ ሪድ በግልጽ ከሠራተኞቹ ጎን ቆመ። ለርዳታ ገንዘብ ሲለምን ያጨበጨበለት ምእመን፣ ስለ ደመወዝ ሲናገር አላስቀመጠውም።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ተዝካሩ ለነዳያን የሚተርፍ ማዕድ እንደነበረው የሚክድ የለም። ክርክሩ የከረረው ግን ምንጊዜም መሬት ሲነሣ ነው። ሳንድ ክሪክ በሆነበት በ1864 ዐፄ ቴዎድሮስ አቡነ ሰላማን በመቅደላ አስረዋቸው ነበር፤ የጠባቸው አንዱ መነሻ የካህናቱ መሬት ነው። የንጉሡ ዓላማ ሠራዊታቸውን መቀለብ ነበርና የድኻው ጠበቃ አድርጎ ማቅረቡ ማጋነን ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ከተነሣ በኋላ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ አልሞተም።

ከዚያ ዐዋጅ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ብዙ ሰው ደብዳቤውን የልማት ጥሪ ብቻ አድርጎ ያነበዋል። ክርክሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። የምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ በገፍ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን ማጠራቸው ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከሁለት መክፈል ነው ሲል ይወቅሳል። ስለዚህ ያ ደብዳቤ የድኻ ልጆች ለለጋሾቻቸው የሰጡት ተግሣጽ ነው ማለት ይቻላል። በዓመቱ የወሎ ረኀብ ደረሰ። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው ገበሬው የሞተው መግዣ ስላጣ ነው፤ ሰው እየረገፈ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ገበያ ይወጣ ነበር። መንግሥት የሸሸገውን ረኀብ ለዓለም ያሳየው በኦክቶበር 1973 የታየው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም እንጂ ከኛ ዐውደ ምሕረት የወጣ ድምፅ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመኑ ሲለወጥም ለአዲሱ መንግሥት አፍ ለመሆን አልፈቀዱም። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ቢመቻችላቸው መንጋቸውን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ደርግ ከመንበራቸው ያወረዳቸው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው በ1979 ተገደሉ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ነው። በሕይወት ሳሉ በትምህርተ ሃይማኖት የተለያዩት ሁለቱ አባቶች በአንድ ዓይነት ሞት ተገናኙ።

ሜቶዲስቶች በሳንድ ክሪክ ስለሆነው ይቅርታ የጠየቁት በ1996 በዚያችው በዴንቨር ባደረጉት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ከ130 ዓመታት በላይ ወስዶባቸዋል። ሶል በወደቀበት፣ 15ኛና አራፓሆ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ፣ ዛሬ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፏል። የኛ አብያተ ክርስቲያናት እዚያው ከተማ ውስጥ ምን ይመሰክራሉ ብሎ መጠየቅ አግባብ ይመስለኛል። በአውሮራ ያለው ምእመን ድርቅም ሆነ መፈናቀል ሲሰማ ኪሱን ለመፍታት አይሰንፍም፤ ገዳይና ተገዳይ በአንድ ቅዳሴ ሊቆሙ የሚችሉበት ስደተኛ ማኅበር ስለ ትናንቱ በደል ሲነሣ ግን አንደበቱ ይታሰራል።

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2011 ከቀይ ሽብር የተረፈ አንድ ሰው፣ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረውን ግለሰብ በዚያው በዴንቨር አካባቢ፣ በሌላ ስም ሲኖር፣ ዐይቶ ለየው። ሰውየው በ2012 ተያዘ፤ በ2013 እስረኞች የነበሩ ወገኖቻችን በዴንቨር ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩበት፤ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ክሱ ግን በሐሰት ስምና ታሪክ የአሜሪካ ዜግነት ስለማግኘቱ እንጂ በአዲስ አበባ ስለፈሰሰው ደም አልነበረም። ስለዚያ ደም የተነገረው የምስክሮቹ ቃል በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀምጧል።