ውለታና ባርነት፦ «ጦቢያ»ን ለወጣቶች ስለ ማስተማር

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እንደ ሆነ ይነገርለታል። መጽሐፉ ክርስቲያናዊ ምግባርን ስለሚያስተምር ለወጣቶች ንባብ ቢመረጥ የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን ታሪኩ የቆመው በባርነት ላይ በመሆኑ፣ ምግባሩን ከዘመኑ ነጥሎ ማስተማር ጉድለት አለበት።

አንድ የክርስቲያን ጦር አለቃ በአረመኔ ንጉሥ ጦር ድል ሆኖ ይማረካል፤ ባሪያም ይሆናል። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋህድ የአባቱን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ይወጣል፤ ነገር ግን እርሱም በተራው በባርነት ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ፍለጋ ትነሣለች።

ከዚህ ታሪክ ተማሪው ውለታን አለመርሳትን፣ ጽናትንና የወንድም ፍቅርን ይማራል። ሆኖም አንባቢው የሚያዝነው ቤተ ሰብ ላለውና ፈላጊ ለተነሣለት ሰው ነው። ፈላጊ ያልነበራቸው እጅግ ብዙዎች እንደ ነበሩ የሚያስታውሰው መምህሩ ነው።

መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ ባርነት በሀገራችን በሕግ አልተሻረም ነበር። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ቢመሰክርም፣ በጦርነት የተማረከውን ባሪያ ማድረግን ፈቅዷል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም እንደ በጎ ሥራ ቆጥሮታል። ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣው አዋጅ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። እንግዲህ የነጋዴው ደግነት የአንድን ሰው ሰንሰለት ሲፈታ፣ ሥርዓቱን ግን እንዳለ ይተወዋል።

ከልብ ወለዱ አጠገብ የአናሲሞስ ነሲብን የሕይወት ታሪክ ማስነበብ ይጠቅማል። በኢሉባቦር የተወለደው ይህ ሰው በሕፃንነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ከዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 እንዲታተም አደረገ። በዚህ ሥራም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ረድታዋለች። እዚህ ላይ በባርነት የነበረው ሰው የሌላው የደግነት ማሳያ ብቻ ሳይሆን፣ ራሱ ሠሪና አስተማሪ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ መምህሩ «ዋህድ ውለታውን እንዴት መለሰ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ «ነጋዴ ያላገኘውስ ምን ሆነ?» ብሎ መጨመር ይገባዋል። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም ለስድብ ይነገራል፤ ስድቡ የሚነካው ልጅ በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ምግባር የሚመዘነውም ይህ ልጅ ከትምህርቱ በኋላ ቀና ብሎ በመውጣቱ ነው።