የጎጃም ደጋ የቀድሞ የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች

የደብረ ማርቆስንና የጮቄ ተራራን ዙሪያ የሚያሳዩ፣ ለአካባቢ ታሪክ ጥናት ተፈላጊ የሆኑ ቆየት ያሉ ካርታዎች። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየተጓዘ ካርታ አንሥቷል፤ ሥራውም በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል። ለገጠሩ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን በ1957 እ.ኤ.አ. የተነሡት የአየር ፎቶግራፎች ናቸው፤ ከ1982ቱ ጋር ሲተያዩ የደኑ መመናመንና የእርሻው ወደ ገደል መውጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተመው ባለ 1:50,000 ካርታ 500 ሜትሩን በአንድ ሴንቲ ሜትር ያሳያል፤ ወንዙን፣ መንደሩንና ቤተ ክርስቲያኑን በየስማቸው ይጠራል። ርስት በየአጥቢያው ይከፈል በነበረበት ጎጃም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቦታ ማግኘት የተመራማሪው ዋና እርምጃ ነው። የተጻፈውን ስም ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ማመሳከርም ግድ ይላል። ደብረ ማርቆስን በቀደሙት ሰነዶች የሚፈልግ መንቆረር ብሎ ይፈልጋት።