የረጅም አንቴና ፌንጣዎች አመዳደብ ታሪክ

ቴቲጎኒዴ የተባለው የፌንጣ አስተኔ ከ7,000 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ነው። የአብዛኞቹ አንቴና ቀጭንና ከገላቸው የሚረዝም ሲሆን ጆሯቸው የሚገኘው በፊት እግራቸው ላይ ነው። የእግራቸው ጫፍ አራት አንጓ አለው። ሴቷ ከኋላዋ እንደ ጎራዴ የሾለ የእንቁላል መጣያ ታወጣለች፤ ወንዱ ደግሞ የፊት ክንፎቹን አፋትጎ ድምፅ ያሰማል። ምልክቶቹ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆኑም አስተኔው የዛሬ ስሙን እስኪያገኝ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ፌንጣን፣ አንበጣንና ዘመዶቻቸውን ግሪለስ በሚል አንድ ወገን ጠቅልሎ ከጥንዚዛዎች ጋር መደባቸው፤ በ1767 ደግሞ ወደ ትኋን መሰል ነፍሳት አዛወራቸው። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ኦርቶፕቴራ የተባለ የራሳቸውን ክፍለመደብ አበጁላቸው።

የስሙ ውዥንብር ግን ቀጠለ። ዮሃን ፋብሪሲየስ በ1775 ሎከስታ የሚለውን ስም ለረጅም አንቴና ፌንጣዎች ስለሰጠ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ መጻሕፍት አስተኔውን ሎከስቲዴ ይሉት ነበር። ዛሬ ሎከስታ የሚባለው ተጓዡ አንበጣ ነው። ቴቲጎኒዴ የሚለው ስም የወጣው በ1902 ነው።

ለውስጣዊው አከፋፈል መሠረት ከጣሉት አንዱ ካርል ብሩነር ፎን ቫተንቪል ነው። የኦስትሪያን ቴሌግራፍ ይመራ የነበረው ይህ ስዊዘርላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1878 ስለ ፋኔሮፕቴሪዶች፣ በ1895 ስለ ሱዶፊሊዶች ሰፋፊ ጥናቶችን አሳተመ። ሁለቱም ቡድኖች ቅጠል የሚመስሉ ፌንጣዎች የበዙባቸው ናቸው።

በመልክ ላይ የቆመ አመዳደብ ድክመቱ በኋላ ታየ። በ2013 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ቅጠል መሰል ክንፍ በተለያዩ የዘር ሐረጎች በተናጠል ደጋግሞ እንደተፈጠረ አረጋገጠ። ቅጠል መምሰል ከአዳኝ ስለሚያድን፣ የቅርብ ዝምድና የሌላቸውም ያው መልክ ይዘዋል። ስለዚህ ብዙ የቆዩ ንዑስ ቡድኖች እንደገና መፈተሽ አስፈለጋቸው።

የኢትዮጵያው ደገዛም በዚህ አስተኔ ውስጥ ቦታ አለው። በወሎ ጤፍ የሚያጠፋውን ይህን አጭር ክንፍ ፌንጣ ዴቪድ ራግ በ1977 ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ብሎ ለሳይንስ አስተዋወቀው። ገበሬው ቀድሞ በሚያውቀው ተባይ ላይ የሚደረግ ምርምር ከዚያ ወዲህ በአንድ ስም ሊመዘገብና ከሌሎች ፌንጣዎች ጥናት ጋር ሊነጻጸር ቻለ።